የራሳችሁን ሹራብ ዲዛይን ስታደርጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሹራብ መሥራት ችላችኋል። አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ፓተርን (የአሠራር መመሪያ) ሳትከተሉ አንድ ልብስ ከራሳችሁ ሐሳብ ማውጣት ትፈልጋላችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እዚህ ደረጃ ላይ የደረሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ለመግባባት ያህል፣ «ዘለበት» ስል መርፌው ላይ የሚቀመጠውን አንዱን የክር ቀለበት ማለቴ ነው። «ረድፍ» ደግሞ መርፌው ላይ ያሉት ዘለበቶች በሙሉ አንድ ጊዜ ሲሠሩ የሚወጣው መስመር ነው።

ዲዛይን ለማድረግ የብዙ ዓመት ልምድ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። መጀመር፣ ሁለቱን መሠረታዊ ዘለበቶች ማለትም ፊትና ግልባጭ መሥራት፣ መጨመር፣ መቀነስና መዝጋት ከቻላችሁ መነሻ አላችሁ። ከዚያ በላይ የሚፈለገው ማባዛትና ማካፈል ነው፤ እሱንም ካልኩሌተር ይሠራላችኋል። ሥዕል መሳል አለመቻልም አያግዳችሁም።

ከሁሉም የሚጠቅመው ልብስን በደንብ ማየት ነው። ደጋግማችሁ የምትለብሱትን ሹራብ ከቁም ሳጥን አውጡ። ሳትወጥሩ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በሜትር ለኩት፦ የደረቱን ስፋት፣ ቁመቱን፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ የአንገቱን ጥልቀት። ሰውነታችሁ የወደደው ልክ እሱ ነው። ከየትኛውም የመጠን ሠንጠረዥ ይልቅ እሱን እመኑ።

ከምን ልጀምር? ከሐሳቡ ወይስ ከክሩ?

በሁለቱም ይቻላል፤ እኔ ግን ክሩን አስቀድማለሁ። ወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ክሩ እምቢ ካለው አይሆንም። ልፍስፍስ የሚል ክር ይዞ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኮሌታ ማውጣት አይቻልም። ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ትንሽ ከሠራችሁት ግን ምን መሆን እንደሚፈልግ ራሱ ያሳያችኋል። ይከብዳል? ይለጠጣል? ወደ ታች ይፈሳል ወይስ ቅርጹን ይይዛል? የልብሱ ዓይነት ከእነዚህ መልሶች ይወጣል።

ሐሳቡ ቀድሞ ከመጣላችሁም ችግር የለም። በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ለማን ነው፣ መቼ ይለበሳል፣ ጠባብ ነው ሰፊ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የቱ ነው። ከዚያ ለእሱ የሚስማማ ክር ፈልጉ።

የትኛው ክር ለየትኛው ልብስ ይሆናል?

ይህን ጥያቄ በደንብ ላብራራው፤ ብዙ ሹራብ የሚበላሸው ገና መርፌ ሳይነሳ፣ ክር ሲመረጥ ነው።

የበግ ሱፍ ቃጫው በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ስትለጥጡት ይለጠጣል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ለእጅጌ ጫፍ፣ ለጉንጉን ጌጥ (ዘለበቶችን እርስ በርስ በማቋረጥ ለሚሠራው)፣ ቅርጽ ለሚይዝ ልብስ እንደ ሱፍ የለም። ለጀማሪ ዲዛይነርም የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ትንንሽ አለመመጣጠንን ከታጠበ በኋላ ያስተካክላል። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀው ሱፍ ግን ጠባዩ ይለያል። ለስላሳ ነው፣ ሲታጠብ ደግሞ ይሰፋል፣ ይረዝማልም።

ጥጥ ቀዝቀዝ ያለና ጠንካራ ነው። ግን ከባድ ነው፣ ተለጥጦም አይመለስም። የጥጥ እጅጌ ጫፍ ጥቂት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ይረግባል። ረጅም ካፖርት መሰል ሹራብ ከጥጥ ብትሠሩ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይጎተታል። አጭር እጅጌ ላለው፣ ላላ ላለና አጠር ላለ ልብስ ግን ግሩም ነው። ሊነን መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይላል፤ እየታጠበ ሲሄድ እየለሰለሰ በሚያምር ሁኔታ ይወርዳል። አልፓካ ሞቃትና ለስላሳ ነው፤ እሱም ግን የሱፍን ያህል ስለማይመለስ እየተለበሰ ይረዝማል። ከሱፍ ጋር የተቀላቀለውን ብትወስዱ ይሻላል። አክሪሊክ ቀላልና በቀላሉ የሚታጠብ ስለሆነ ለሕፃናት ልብስ ብዙዎች ይመርጡታል። ትኩስ ካውያ ግን አታስጠጉት፤ ሙቀት ካገኘው ልፍስፍስ ብሎ ይቀራል፣ አይመለስም።

የክሩን አገማመድም ተመልከቱ። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምዶ ጠበቅ ያለ ክር እያንዳንዱን ዘለበት አጉልቶ ያሳያል። አንድ ወጥ ሆኖ ላላ ብሎ የተፈተለ ክር ሲነኩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብብትና ክርን አካባቢ ቶሎ ትንንሽ እንክብሎች ያወጣል። ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው። በጥቁርና በጥልቅ ሰማያዊ ላይ የጉንጉን ጌጥ ይደበቃል። ዝንጉርጉር ክር ላይ ደግሞ የተወሳሰበ ጌጥ ልፋቱ መና ነው። ክሩ ዝንጉርጉር ከሆነ አሠራሩን ቀላል አድርጉት፤ ቀለሙ ይናገር።

የክር ውፍረት ሲለያይ ምን ይለወጣል?

ክራፍት ያርን ካውንስል የሚባለው የአሜሪካ የክር አምራቾች ማኅበር ውፍረትን ከ0 እስከ 7 በቁጥር ከፋፍሎታል፤ 0 በጣም ቀጭኑ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን መጠቅለያው ላይ ታገኙታላችሁ። በቁጥር 1 ክር 10 ሳ.ሜ ስፋት ለመሙላት ከ27 እስከ 32 ዘለበት ይፈጃል። በቁጥር 3 ከ21 እስከ 24፣ በቁጥር 4 ከ16 እስከ 20፣ በቁጥር 5 ከ12 እስከ 15። ወፍራም ክር ቶሎ ያልቃል፤ ቅርጽ ለመሥራት ግን ጥቂት ዘለበት ብቻ ስለምታገኙ አንገትና ትከሻው ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ለመጀመሪያ ዲዛይን ቁጥር 3 ወይም 4 ጥሩ መካከለኛ ነው።

ናሙና መሥራት የግድ ነው?

አዎ፣ የግድ ነው። የሌላ ሰው ፓተርን ስትሠሩ ናሙና፣ ማለትም ልክ የሚወሰድበት ትንሽ የሙከራ ቁራጭ፣ ማረጋገጫ ነው። የራሳችሁን ስታወጡ ግን ዲዛይኑ የሚወለደው እዚያ ቁራጭ ላይ ነው። ቁጥሮቻችሁ ሁሉ ከእሱ ይመጣሉ።

ቢያንስ 15 በ15 ሳ.ሜ አድርጉት። ጠርዙ አካባቢ ያሉት ዘለበቶች ስለሚዛቡ የምትለኩት መሃሉን ነው። አንድ ልቃቂት ብቻ ገዝታችሁ በሁለት ወይም በሦስት የተለያየ መርፌ ሞክሩት፦ ለምሳሌ በ3.5፣ በ4 እና በ4.5 ሚ.ሜ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ አንጠልጠል አድርጉ። እጃችሁ አንዱን ይመርጣል። መጠቅለያው ላይ የተጻፈው የመርፌ ቁጥር ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ከዚያ ልብሱን በምታጥቡበት መንገድ እጠቡት። አድርቁትና ለኩ። ከመታጠቡ በፊት የለካችሁት ቁጥር አይጠቅማችሁም። ክሩ ጥጥ ወይም አልፓካ ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ከታች ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ነክሳችሁበት ሰቅላችሁት እደሩ። ጠዋት ምን ያህል እንደረዘመ ታያላችሁ።

ልብሱን ዙሪያውን በክብ መርፌ የምትሠሩ ከሆነ ናሙናውም ዙሪያውን ይሠራ። ብዙ ሰው ፊት ሲሠራና ግልባጭ ሲሠራ እጁ እኩል አይጠብቅም። ስለዚህ ተመላልሶ የተሠራ ናሙናና ዙሪያውን የተሠራ ልብስ ልካቸው አንድ ላይሆን ይችላል።

ስንት ዘለበት ልጀምር? ስሌቱ እንዴት ነው?

ናሙናችሁ በ10 ሳ.ሜ ውስጥ 22 ዘለበትና 30 ረድፍ አለው እንበል። ስለዚህ በ1 ሳ.ሜ 2.2 ዘለበትና 3 ረድፍ ማለት ነው። የልብሱ የደረት ዙሪያ 100 ሳ.ሜ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 100 በ2.2 ሲባዛ 220 ዘለበት ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። እስከ መጨረሻው የምታደርጉት ይህንኑ ማባዛት ነው፤ ስፋትን በዘለበት፣ ቁመትን በረድፍ።

ትንሽ ስሕተት ግን ትልቅ ዋጋ አለው። በእርግጥ የሚወጣላችሁ 22 ሳይሆን 20 ዘለበት ከሆነ ያው 220 ዘለበት 110 ሳ.ሜ ይሆናል። ሁለት ዘለበት ናት ብላችሁ ያለፋችኋት ነገር ሹራቡን በአንድ ሙሉ መጠን አሰፋችው። ግማሽ ዘለበትም ስትቆጥሩ አትጣሏት።

ከሰውነት ልክ ላይ ምን ያህል ልጨምር?

እንደ ልብሱ ዓይነት ነው። ገላ ላይ ልጥፍ የሚል ሹራብ ከደረት ልክ ጋር እኩል ወይም እስከ 5 ሳ.ሜ ይበልጣል። ለዘወትር የሚሆነው ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ፣ ከሸሚዝ በላይ የሚደረበው ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ትርፍ ይወዳል። ኮፍያና ካልሲ ደግሞ በተቃራኒው ከሰውነት ልክ ማነስ አለባቸው፤ ተለጥጠው ነው የሚይዙት። ለ56 ሳ.ሜ ጭንቅላት 50 ሳ.ሜ አካባቢ የሆነ ኮፍያ ይበቃል።

ክሩ በወፈረ ቁጥር ትርፉን ከፍ አድርጉ፤ ወፍራም ጨርቅ ራሱ ከውስጥ ቦታ ይይዛል።

ጌጡ ከዘለበቱ ቁጥር ጋር አልገጥም ካለስ?

ጌጣችሁ በየ12 ዘለበቱ የሚደጋገም ነው እንበል። 220 ለ12 እኩል አይካፈልም። ወደ 216 ዝቅ ብትሉ 18 ጊዜ ይደጋገማል፤ ዙሪያው 98 ሳ.ሜ አካባቢ ይሆናል። ወደ 228 ከፍ ብትሉ 19 ጊዜ ይሆንና ወደ 104 ሳ.ሜ ይጠጋል። የትኛው ይሻላል የሚለውን የትርፉ መጠን ይወስነዋል። ሌላም መንገድ አለ፦ ጌጡን ደረት መሃል ላይ ብቻ አስቀምጣችሁ ጎንና ጎኑን ልሙጥ መተው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው የሚያምረው፤ የብብቱንም ቅነሳ ያቀልላል።

አንድ ነገር አትርሱ። ጉንጉን ጨርቁን ይሰበስበዋል፤ ዳንቴል መሰል ቀዳዳማ ጌጥ ደግሞ ያሰፋዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጌጥ የየራሱን ናሙና ሥሩ። በልሙጡ ቁጥር ጉንጉን ብታሰሉ ደረቱ ይጠባችኋል።

ከላይ ወደ ታች ነው የሚሻለው ወይስ ከታች ወደ ላይ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከላይ ወደ ታች፣ በራግላን፤ ራግላን ከአንገት እስከ ብብት በሰያፍ መስመር የሚወርድ የእጅጌ አሠራር ነው። ከአንገት ትጀምሩና ፊት፣ ጀርባና ሁለቱን እጅጌ በአራት መስመር እየጨመራችሁ ትወርዳላችሁ። በየመሃሉ ለብሳችሁ ትሞክሩታላችሁ፤ ቁመቱንም ስትደርሱበት ትወስናላችሁ። የሚሰፋ ነገርም የለውም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስፌት የሌለው ልብስ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። ከባድ ሹራብ ትከሻው ላይ ስፌት ከሌለው ይንሸራተታል፣ ይረዝማል። ስፌቱ ልብሱን ተሸክሞ ይይዘዋል። ትከሻው ላይ በትክክል የሚቀመጥ እጅጌ የፈለገ ሰውም ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ሠርቶ ቢሰፋ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘኖች ገጥሞ ትከሻው ወደ ክንድ ወረድ ያለ ሹራብ ማውጣት ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ስሌት ነው፤ ሰፋ ተደርጎ ከተሠራም ያምራል።

ሁሉንም ልክ ሳልለካ ማስላት የምችልበት መንገድ አለ?

አለ። ከ1910 እስከ 1999 የኖረችው እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የሠራችው የሹራብ ዲዛይነር ኤልዛቤት ዚመርማን ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበትን የመቶኛ ስሌት አስተዋውቃለች። የደረቱ ዘለበት 100 በመቶ ይሆንና ሌላው ከእሱ ይወጣል። የእጅጌው ጫፍ 20 በመቶ፣ የላይኛው ክንድ ከ33 እስከ 35 በመቶ፣ ብብት ላይ የሚተወው 8 በመቶ፣ አንገቱ 40 በመቶ አካባቢ። በእኛ 220 ዘለበት ሲሰላ ጫፉ 44፣ ክንዱ ከ73 እስከ 77፣ ብብቱ 18፣ አንገቱ 88 ይሆናል።

ለመነሻ ድንቅ ነው። ነገር ግን ሰውነት በመቶኛ አይሠራም። ደረቱ ሰፊ የሆነ ሰው ሁሉ አንገቱና የእጁ አንጓ በዚያው ልክ ወፍራም አይደለም። በስሌቱ ያገኛችሁትን ቁጥር ወደ ሳንቲ ሜትር መልሳችሁ ከቁም ሳጥን ካወጣችሁት ሹራብ ጋር አስተያዩት።

እጅጌው ቀስ እያለ እንዲሰፋ ጭማሪውን እንዴት ላካፍለው?

ጫፉ 22 ሳ.ሜ፣ የላይኛው ክንድ 36 ሳ.ሜ ይሁን። በ2.2 ሲባዛ ወደ 48 እና ወደ 80 ዘለበት ይመጣል። ልዩነቱ 32 ነው። በአንድ ጭማሪ ረድፍ ላይ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስለምትጨምሩ 16 ጊዜ መጨመር አለባችሁ።

አሁን ቁመቱ። እጅጌው እስከ ብብት 44 ሳ.ሜ ነው። 6 ሳ.ሜውን ለተለጣጩ ጫፍ፣ ላይኛውን 4 ሳ.ሜ ለቀጥታ ተዉት። 34 ሳ.ሜ ይቀራል፤ በ3 ሲባዛ 102 ረድፍ። 102 ለ16 ሲካፈል 6 ደርሶ ትንሽ ይተርፋል። ስለዚህ በየ6 ረድፉ ጨምሩ፤ በ96 ረድፍ ያልቃል፣ ቀሪውን 6 ረድፍ ቀጥ አድርጉ። ለወገብ ማጥበብም፣ ለአንገትም፣ ለኮፍያ ጫፍም የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

አንገቱ ለምን ያስቸግራል?

ሁለት ሥራ ስላለበት። ጭንቅላት ማሳለፍ አለበት፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ አንገት ላይ መቀመጥ አለበት። የመጨረሻውን ዙር ጠበቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት የሚያምር ግን የማይለበስ ልብስ ታገኛላችሁ። ላላ አድርጋችሁ፣ ካስፈለገም በወፈረ መርፌ ዝጉት።

ሌላው፣ የፊቱ አንገት ከኋላው ዝቅ ማለት አለበት፤ ለአዋቂ ከ6 እስከ 8 ሳ.ሜ አካባቢ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሹራቡ ጉሮሮ ይዞ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ጠርዙ ለምን ይጠቀለላል? የቁልፍ መደረቢያውስ ለምን ይሸበሸባል?

ፊቱ ልሙጥ የሆነ ጨርቅ በተፈጥሮው ይጠቀለላል፤ ማጠብ ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም። ጠርዙን አንድ ፊት አንድ ግልባጭ ወይም ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ፣ በ0.5 ወይም በ1 ሚ.ሜ ባነሰ መርፌ ሥሩት።

የቁልፍ መደረቢያ፣ ማለትም ቁልፎቹ የሚተከሉበት የፊት ጠርዝ፣ የሚሸበሸበው ወይም የሚጨማደደው ከጎን ያነሳችሁት ዘለበት ሲበዛ ወይም ሲያንስ ነው። በእኛ ናሙና 10 ሳ.ሜ ውስጥ 22 ዘለበትና 30 ረድፍ ስላለ በየ4 ረድፉ 3 ዘለበት ማንሳት ይስተካከላል።

ምን ያህል ክር ልግዛ?

ናሙናውን መዝኑት። 15 በ15 ሳ.ሜ፣ ማለትም 225 ካሬ ሳ.ሜ የሆነው ቁራጭ 11 ግራም መዘነ እንበል። ገላው 100 በ60 ሲሆን 6,000፣ ሁለቱ እጅጌዎች በአማካይ ስፋታቸው ወደ 2,550፣ በድምሩ 8,550 ካሬ ሳ.ሜ ይሆናል። ይህ የናሙናውን 38 እጥፍ ነው። 38 በ11፣ 418 ግራም። ለጠርዝና ለአንገት 15 በመቶ ጨምሩበትና 500 ግራም ግዙ።

ሁሉም ልቃቂት አንድ ዓይነት የነከራ ቁጥር (አብሮ የተነከረ ክር የሚጋራው ቁጥር) እንዲኖረው አድርጉ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ በጥቂቱም ቢሆን ይለያል፤ በመብራት ባይታይ በፀሐይ ይታያል። ሌላ ምርጫ ከጠፋ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩ።

ፓተርኑን ለሌላ ሰው እንዴት ልጻፈው?

እየሠራችሁ ጻፉ። ከጨረስኩ በኋላ አስታውሰዋለሁ ብላችሁ አትተዉት። ክሩ፣ መርፌው፣ የታጠበው ናሙና ልክ፣ የተጠናቀቀው ልብስ ልክ፣ የምትጠቀሙባቸው ምልክቶች ትርጉም መጀመሪያ ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ ቅነሳና ጭማሪ በኋላ መርፌው ላይ ስንት ዘለበት እንደቀረ ግለጹ። ሠሪው መንገዱን መሳቱን የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው።

ብዙ መጠን ስታወጡ ሁሉንም በእኩል አታሳድጉ። ደረት በ10 ሳ.ሜ ሲያድግ ትከሻ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚሰፋው፤ የእጅጌ ርዝመት ደግሞ እምብዛም አይለወጥም። ከዚያ ስሌቱን የሚያይ አንድ ሰው፣ ከየመጠኑ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሠርቶ የሚሞክር ሰው ፈልጉ። ለሥራቸውም ተገቢውን ዋጋ ስጧቸው።

የሌላ ሰው ሥራ አይቼ መነሳት ይፈቀዳል?

ጉንጉን፣ ራግላን፣ ፊትና ግልባጭ የማንም ንብረት አይደሉም። የአንድን ፓተርን ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥና ፎቶ መቅዳት ግን አይገባም። ትንሽ ነካክቶ የራስ ነው ማለትም ያው ነው። መነሻ የሆናችሁን ሰው ስሙን ጥሩ።

ሠርቼ ጨረስኩ፤ ቀጥሎስ?

ለብ ባለ ውኃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። አትሹት፣ አትጠምዝዙት፤ ሱፍ በመታሸትና በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይጠባል፣ ይጠጥራል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጭናችሁ ውኃውን አውጡ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ባሰባችሁት ልክ በእጅ እያስተካከላችሁ ቅርጽ አስይዙት። እስኪደርቅ አትንኩት። ቁርጥራጭ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ይህን አድርጉ፤ ስፌቱ ቀጥ ይልላችኋል።

ርዝመቱ ካልወደድኩት ሙሉውን መተርተር አለብኝ?

የለባችሁም። ከላይ ወደ ታች የተሠራ ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ፍቱና አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ። ከታች ወደ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከጠርዙ በላይ ካለው ልሙጥ ረድፍ አንድ ዘለበት ቆርጣችሁ ክሩን በረድፉ ሙሉ ቀስ ብላችሁ ምዘዙት። የላይኞቹን ዘለበቶች በመርፌ እየያዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ታች እንደ አዲስ ሥሩ። በልሙጥ ጨርቅ ላይ መቀጠያው አይለይም። ጉንጉን ወይም ቀዳዳማ ጌጥ ላይ ግን ይለያል፤ እዚያ ጠርዙን ከጌጡ በታች ባለው ልሙጥ ክፍል ላይ ቁረጡት።